ያልተወለደችው ሴትዮ ለቅሶ

በ2083 ዓ.ም. ደሴ ላይ ሰው በሕይወት መኖሩን የሚያረጋግጠው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ቁርሱን ይበላል፣ ልብሱን ይቀይራል፣ ወደ ቅሬው መዝገብ ጠባቂ ቤት ሄዶ ሰልፍ ይይዛል። ተራው ሲደርስ መዳፉን ሰሌዳው ላይ ያሳርፍና የሳምንቱን ቃል ይሰጣል፤ ምን በላ፣ የት አመመው፣ ከማን ተጣላ፣ ማን ትዝ አለው። ሰሌዳው ሲሞቅ ቃሉ ገባ ማለት ነው። ቃሉን ያልሰጠ ሰው ሰኞ ዕለት የአውቶቡስ በር አይከፈትለትም። መጀመሪያ ላይ ሕዝቡ አጉረምርሞ ነበር ይባላል። አሁን ግን ባል ለሚስቱ የማይነግረውን ለሰሌዳው ይነግራል፤ ከተናገረ በኋላም ቀለል ብሎት ወደ ገበያ ይሄዳል።

እታፈራሁ ይመር የገደል አፋፍ ቅሬ መዝገብ ጠባቂ ናት። ቅሬ ወሎ ለእድር የሰጠው ስም ነው። ድሮ ሬሳ የሚቀብርና ሐዘንተኛ የሚያጽናና ማኅበር ብቻ ነበር፤ ዛሬ ሰውየውን ከመቅበሩ በፊት ዕድሜ ልኩን መዝግቦ ይጠብቀዋል። በየቅዳሜው ሦስት መቶ አባወራ የእታፈራሁን ደጅ ይረግጣል። አንዱም እንዴት አደርሽ አይላትም። ይገባሉ፣ የልባቸውን ጉድ ለሰሌዳው ይዘረግፋሉ፣ እሷ በሕጉ መሠረት ጀርባዋን ሰጥታ ግድግዳ ስታይ ትቆይና «ገብቷል» ትላለች፣ ይወጣሉ። የጠባቂነቱ ቁልፍ ከቤት ወደ ቤት የሚዛወረው በሰባት ዓመት አንዴ ባይሆን ኖሮ ገና ድሮ በነጠቋት ነበር። ቢጠሏትም ያለሷ በሕይወት መኖራቸውን የሚያረጋግጥላቸው የለም። እሷም ይህን ስለምታውቅ በሩን በሰዓቱ ትከፍታለች፤ አንድም ቀን አርፍዳ አታውቅም።

ጥላቻው የወረሰችው ነው። ከእሷ በፊት ጠባቂው ታላቅ ወንድሟ ፈንታው ይመር ነበር።

የአገሩ መዝገብ በአንድ ቦታ ተከማችቶ ሳለ ድንገት ተገልብጦ ከተወሰደ ወዲህ በየከተማው ተበትኖ ነው የሚቀመጠው። ደሴ አምስት ቅሬ አላት፤ አምስቱም የከተማውን ሰው ሁሉ ቃል የያዘ የየራሳቸው ቅጂ አላቸው። አንዱ ቅጂ ቢጠፋ አራቱ ይተርፋሉ። የአንድን ሰው ቃል ከፍቶ ለማየት ሦስት ጠባቂዎች በአንድ ጊዜ መዳፋቸውን ማሳረፍ አለባቸው። ማየቱ እንዲህ ከሆነ መገልበጡማ ጭራሽ አይታሰብም። ይህ ሁሉ ግን ወረቀት ላይ ነው። ጠባቂ ከሰሌዳው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ውሎ የሚያድር ሰው ነው፤ ጊዜና ክፋት ካለው መንገድ አያጣም።

በ2080 መስከረም ላይ የሞቱ ሰዎች ስልክ መደወል ጀመሩ። የት እንዳለ የማይታወቅ አንድ ድርጅት ከደሴ መዝገብ የተገለበጠ ድምፅ ይዞ ነበር። የሞተ ልጅ እናቱን «እማ፣ ይበርደኛል፤ ያንን ብርድ ልብስ እዘዢልኝ» ይላታል። እናትም ታዝዛለች። በሳምንቱ ይደውልና ሌላ ነገር ይጠይቃል። አንዳንዶቹ እናቶች ነገሩ ማታለል መሆኑ ከተነገራቸው በኋላ እንኳ ስልኩ እንዳይቋረጥባቸው ለምነዋል። ከተማው በቁጣ ነደደ፤ ማን ገለበጠው ተባለ።

ይህን የሚለዩት በጥላ ነው። ጥላ ማለት ጠባቂ ቅጂው ውስጥ የሚተክለው ያልተወለደ ሰው ነው። ስም አለው፣ ዕድሜ አለው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቃል ይሰጣል፤ ግን የለም። በአንዱ ቅጂ ውስጥ የተተከለ ጥላ በሌላው ውስጥ ስለማይገኝ፣ የተሰረቀ መዝገብ ሲያዝ በውስጡ ያሉትን ጥላዎች አይቶ ከማን ቅጂ እንደተገለበጠ ማወቅ ይቻላል። ጥላ ሲታመም ሐኪም አይላክለትም። ሲሞት ጥሩንባ አይነፋለትም። ቃሉን ለሚያነብ ዓይን የማይታይ የመዝገቡ ምልክት ስላለበት ከተማው ስለሱ ምንም ነገር አይሰማም።

የተሰረቀው መዝገብ ሲመረመር አንድም ጥላ አልተገኘበትም። አራቱ ጠባቂዎች ጥላ ነበራቸው፤ ጥላ ያልነበረው ፈንታው ብቻ ነው። «እግዜር ያልፈጠረውን ሰው ተወለደ ብዬ በእጄ አልጽፍም» ብሎ ገግሞ፣ ስንት ዓመት ሲመክሩት እንቢ ያለ ሰው ነበር። ጣት ወደሱ ተቀሰረ። ከሁሉ ጮክ ብለው የተናገሩት የወፍጮ ሰፈር ቅሬ ዳኛና መዝገብ ጠባቂ አቶ ልሳነወርቅ አበጋዝ ናቸው። አቶ ልሳነወርቅ በከተማው የተወደዱ ሰው ናቸው። የትም ቤት ሰው ቢሞት ጥሩንባው ሳይነፋ ቀድመው ይደርሳሉ፤ ሟቹን በልጅነት ስሙ ጠርተው፣ የሚወደውን የሚጠላውን ዘርዝረው፣ ቤተሰቡ የረሳውን ሁሉ አስታውሰው ያለቅሳሉ። «ልባቸው ይነግራቸዋል» ይባላል። በዚያን ቀን ስብሰባ ላይ እንባቸውን እየጠረጉ ተነሡና «በሩን ከፍቶ የተኛ ሰው ሌባ ገባብኝ ቢል እናምነዋለን ወይ?» ሲሉ ሕዝቡ አናምንም አለ።

ፈንታው ከቅሬ ወጣ። ከቅሬ መውጣት በወሎ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጎረቤቱ እሳት አላዋሰውም፤ የክርስትና ልጁ መንገድ ላይ ሲያየው ተሻግሮ ሄደ። በአምስተኛው ወር ታሞ ሞተ። ጥሩንባ አልተነፋለትም። እታፈራሁ ገላውን ብቻዋን አጥባ፣ ብቻዋን ገንዛ፣ በማዘጋጃ ቤቱ ጋሪ ወደ መቃብር ወሰደችው። የመቆፈሪያው ማሽን ጉድጓዱን ጨርሶ በትሕትና «ቀባሪዎች እስኪሰበሰቡ እጠብቃለሁ» አላት። ደንቡ አንድ ሰዓት ስለሆነ አንድ ሰዓት ጠበቀ። እሷም አጠገቡ ቆማ ጠበቀች፤ ምናልባት አንድ ሰው፣ ከዚያ ሁሉ አገር አንድ ሰው እንኳ ይመጣ ይሆናል ብላ። ማንም አልመጣም። ማሽኑ «ቀባሪ የለም» ብሎ መዘገበና አፈሩን መለሰ።

በዚያች ሰዓት ውስጥ ነው የወንድሜን ደም እመልሳለሁ ያለችው። ሌላ ነገር አልፈለገችም። ስሙ ይነጻል፣ ያስወጣውም ሰው የእጁን ያገኛል።

ግን በማን ላይ ነው የምትመልሰው? ይህን የማወቂያውን መንገድ ያመጣችላት መዝገብ መርማሪዋ ዘሀራ ሰይድ ናት። ዘሀራ ቤቷ የመጣችው በማክሰኞ ቀን፣ ሰው በማይመጣበት ቀን ነው። ከደዋዮቹ ሙታን አንዱ የዘሀራ የገዛ ወንድሟ ነበር፤ እናቷ እስከ ዛሬ ስልኩን ታቅፈው ይውላሉ።

«እትዬ እታፈራሁ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ሌባው ራሱ ጠባቂ ከሆነስ?»

እታፈራሁ አሰበች። «ጠባቂ ከሆነማ የራሱን ጥላዎች በስም ያውቃቸዋል። እነሱን ነቅሎ ነው የሚሸጠው።»

«እሱን ነው የምልዎት! ጥላ ሳይኖርበት የተገኘው ለዚህ ይሆናል እንጂ የጋሽ ፈንታው ስለሆነ አይደለም። ስለዚህ ሌባው የማያውቀው ጥላ ያስፈልገናል።»

«በሰው ቅጂ ውስጥ ጥላ መትከል ይቻላል እንዴ?»

«ሕጉን ሦስቴ አነበብኩት። አይከለክልም። የራሱን ትቶ የሌላውን የሚጠብቅ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ ባይኖር ነው። የእኔ ማኅተም ካለበት ይበቃል።»

ተስማሙ። በአራቱ ቅሬዎች ቅጂ ውስጥ አንድ አንድ ጥላ ይተከላል። ሰው እንዲመስሉ ለሁለት ዓመት ቃል ይሰጣሉ፤ ከዚያ ተራ በተራ ይሞታሉ። ጥሩንባ ሳይነፋ ሞታቸውን የሰማ ሰው ሌባው ነው፤ ወይ ያስደውላል ወይ ይመጣል። ዘሀራ ወደ በሩ ስትሄድ ዞር አለች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና… አራቱም ሞተው ማንም ባይመጣስ? ያኔ የሚቀረው የጋሽ ፈንታው ቅጂ ብቻ ነው።»

«ያኔ እኔም ከሕዝቡ ጋር ሆኜ እረግመዋለሁ» አለች እታፈራሁ። በሩንም ራሷ ከፈተችላት።

ሁለት ዓመት ሙሉ አራት ሰው አሳደገች። ድምፃቸው ለተዘጋ ሰዎች ቃልን በጽሑፍ መስጠት ስለሚፈቀድ ለአራቱም በጽሑፍ ሰጠችላቸው። ሥራው እንደ ቀልድ ቢጀመርም ቀልድ ሆኖ አልቀረም። አንዱ ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ ጉልበቱን ያመዋል፣ ከልጁ ጋር ተኳርፏል። አንዷ ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ ባሏን ፈታ ስትጸጸት ትኖራለች። ሦስተኛው መስማት የተሳነው ልብስ ሰፊ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያማው ይመስለዋል።

አራተኛዋ ወይዘሮ ማንያህልሻል በየነ ናት። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ትንሽ ሆና ከራሷ የሚበልጥ ሸክም ስለምትሸከም ጉንዳን ይሏት ነበር። ነጎድጓድ ትፈራለች፤ ሰማዩ ሲያጉረመርም ዛሬም አልጋ ሥር ትገባለች፤ ከዚያ ወጥታ በራሷ ትስቃለች። በሰርጓ ቀን ጫማዋ ጠቧት አውልቃ በባዶ እግሯ ጨፍራለች፤ የጫማው ነገር ትዝ ሲላት ማን እንደያዘላት ግን አታስታውስም። እታፈራሁ ሌሎቹን ትጽፋቸዋለች፤ ማንያህልሻልን ግን ትጠብቃታለች። አርብ አርብ ነገ ምን ትለኝ ይሆን እያለች ትተኛለች። ሰላም የሚላት ሰው ባልነበረበት ሁለት ዓመት የሳቀችው በዚህች በሌለች ሴትዮ ብቻ ነው።

በ2083 ጥር ላይ መግደል ጀመረች። ማን እንደሚቀድም በዕጣ ለየችው፤ በራሷ ምርጫ ብትሄድ የጠረጠረችውን ታስቀድም ነበርና። በደሴ ባዶ ቤት ሞልቷል፤ ለእያንዳንዱ ጥላ አንዳንድ ባዶ ቤት አድራሻ ሰጥታው ነበር። ሞቱን ታስገባለች፣ ጥቁር ትለብሳለች፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ መሬት ላይ ትቀመጣለች። ዘሀራም እንደሷ ተከናንባ አጠገቧ ትቀመጣለች። ሦስት ቀን ይጠብቃሉ።

ለአስተማሪው ማንም አልመጣም። ስልኩም አልጮኸም። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እታፈራሁ ሳታስበው እንባዋ መጣ፤ አለቀሰች፤ በደንብ አለቀሰች። ለአስተማሪው እንዳልነበረ ሁለቱም ያውቃሉ። ዘሀራ «አብሽሪ» አለቻት፤ አንቱታው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፋት፤ ማንኛቸውም ልብ አላሉትም።

በየካቲት ለዳቦ ጋጋሪዋ ማንም አልመጣም። በመጋቢት ለልብስ ሰፊው ማንም አልመጣም። ከዚያ በኋላ እታፈራሁ ምግብ አልበላ አላት። የቀረችው ማንያህልሻል ናት፤ እሷ የተተከለችው በወፍጮ ሰፈር ቅሬ ቅጂ ውስጥ ነው። እሷም ሞታ ማንም ካልመጣ ወንድሟ ሌባ ነው፤ ቀባሪ ማጣቱም ተገቢው ነው። በዚያው ሰሞን አቶ ልሳነወርቅ ለአምስቱም ቅሬ የበላይ ዳኛነት ተወዳድረው ነበር። ምርጫው ግንቦት ላይ ነው። ከተመረጡ የአምስቱም ቅሬ ቁልፍ በእሳቸው እጅ ይገባል፤ ከተማውም ይህንኑ እየጠበቀ በደስታ ይቁነጠነጥ ነበር።

ሚያዝያ አስራ አራት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ እታፈራሁ ቅዳሜን ሳትጠብቅ የማንያህልሻልን የመጨረሻ ቃል አስገባች። «ዛሬ ትንሽ ደከመኝ» ይላል። ከዚያ ሞቷን አስገባች። እጇ ሰሌዳው ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ተነሥታ ጥቁሯን ለበሰች።

ገና አራት ሰዓት ሳይሞላ ከደጅ ጩኸት ተሰማ።

«ወይኔ ማንዬ! ወይኔ ጉንዳኔ! ሳልሰናበትሽ! ሳልሰናበትሽ!»

ዘሀራ በነጠላዋ ሥር የእታፈራሁን እጅ አጥብቃ ያዘች። በሩ ተከፍቶ አቶ ልሳነወርቅ አበጋዝ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። ብቻቸውን አልነበሩም። የምርጫ ሰሞን አይደል፤ ከአምስቱም ቅሬ የተውጣጣ አርባ የሚሆን ሰው አስከትለው ነበር። ሁሉም ጥሩንባውን ሳይሰሙ መጥተው ለቅሶ በመቅደማቸው ኩራት ኩራት እያላቸው ግቢውን ሞሉት። የገደል አፋፍ ቅሬ ዳኛ ሃጂ ይማምም ከነምርኩዛቸው መሃላቸው አሉ። ፈንታውን ከቅሬ ባስወጣው ወረቀት ላይ የፈረሙት እሳቸው ናቸው።

«ነጎድጓድ የምትፈራው እህቴ!» አሉ አቶ ልሳነወርቅ፣ መሬት ላይ እየተቀመጡ። «አልጋ ሥር ገብታ ወጥታ የምትስቀው! ማን አለኝ እንግዲህ? ማን አለኝ?»

ሴቶቹ ተንሰቀሰቁ። እታፈራሁ በነጠላዋ ውስጥ ሆና ሰማቻቸው። እነዚህን ቃላት ከቤቷ ጠረጴዛ ላይ፣ ከራሷ ራስ አውጥታ የጻፈቻቸው እሷ ናት። አሁን ሌላ ሰው አፍ ውስጥ ገብተው እንባ ሲያስፈስሱ እየሰማች ነው። መጀመሪያ ልትስቅ ደረሰች። ከዚያ ያ ማሽን የጠበቀው አንድ ሰዓት መጣባት፣ ሳቋም ደረቀ። ይሄ ሰው ለማንያህልሻል አርባ ሰው አመጣ፤ ለፈንታው አንድ ሰው እንዳይመጣ አድርጎ።

ድምጿን ቀይራ፣ ሐዘንተኛ እንደሚጠይቀው ቀስ ብላ ጠየቀች። «ጋሼ፣ እርስዎ ከመቼ ጀምሮ ያውቋት ነበር?»

«እኔ? ፊደል አብረን ቆጥረናል እኮ ልጄ! ሰርጓም ላይ ነበርኩ። ጫማዋ ጠቧት በባዶ እግሯ ስትጨፍር ጫማውን ይዤ የቆምኩላት እኔ ነኝ!»

«እናቷንስ ያውቋቸው ነበር?» አለች። ስለ እናቷ ምንም ጽፋ አታውቅም።

አቶ ልሳነወርቅ አንድ አፍታ ቆም አሉ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እናቷማ የእኔም እናት ነበሩ። እጃቸው የማይታጠፍ፣ ደግ፣ ረጅም ሴት። ነፍሳቸውን ይማር።»

«ነፍስ ይማር» አለ ሕዝቡ።

ሃጂ ይማም ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «አላህ ያጽናችሁ። ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው? ሬሳው ያለው ውስጥ ነው?»

እታፈራሁ ተነሣች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች። ያወቋት ሰዎች ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኗን ሳያዩ ቃል ሲሰጧት የነበሩ ሰዎች ናቸው።

«ቀብር የለም ሃጂ» አለች። «ሬሳም የለም። ማንያህልሻል በየነ የምትባል ሴት ተወልዳ አታውቅም። እኔ ነኝ የጻፍኳት። ጥላ ናት። የተተከለችው በወፍጮ ሰፈር ቅሬ ቅጂ ውስጥ ብቻ ነው፤ የሞተችውም ዛሬ ጠዋት ነው። ጥሩንባም አልተነፋላትም፤ አይነፋላትምም።»

ዘሀራም ነጠላዋን ገልጣ የመርማሪነት ማኅተሟን አሳየች።

አቶ ልሳነወርቅ ከተቀመጡበት ቀና ብለው ሰዉን አዩ።

«እኔ… ሰው ነው የነገረኝ» አሉ።

«ማን ነው የነገረዎት?» አለች እታፈራሁ።

«ከእነዚሁ አንዱ… መንገድ ላይ… ማን ነበር?»

አርባው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ቀስ ብሎ «እኔን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት» አለ። አጠገቡ ያለችው ሴት «እኔንም» አለች። «እኔንም።» «እኔንም እሳቸው ናቸው።» ቃሉ በግቢው ዞረ፤ ከአርባው አንድ እንኳ ከሌላ ሰው ሰማሁ የሚል ጠፋ።

«ጫማዋን ይዤላታለሁ ነው ያልከው?» አለች እታፈራሁ። ከዚህ በኋላ አንቱታው ቀርቷል፤ እኛም እንተወው። «ፊደል አብረሃት ቆጥረሃል? እናቷ ረጅም ነበሩ? እስቲ ንገራቸው፤ ወንድሜን በሌብነት የከሰስክበትን አፍ ክፈትና የሌለች ሴትዮ እናት ስንት ክንድ እንደነበረች ንገራቸው!»

የልሳነወርቅ ዓይን እንባ ሞልቶት ነበር፤ ይሄኛው የእውነቱ ነው። ዘሀራ ይዛው ስትወጣ ሕዝቡ መንገድ ለቀቀለት። ማንም አልሰደበው፣ ማንም አልመታው። ልብሳቸው ልብሱን እንዳይነካ ብቻ ሰብሰብ አሉ።

ቤቱ ሲፈተሽ ሰሌዳው ጀርባ ላይ የተገጠመ መገልበጫ ተገኘ። ድምፁን የሸጠው እሱ ነው። ሽያጩ ሲያበቃ መገልበጫውን ግን ሊነቅለው አልቻለም፤ የሰዎችን የቅዳሜ ቃል ማንበብ ለምዶ ነበር፤ ማን እንደሚሞት ቀድሞ ማወቅ፣ ደርሶ ማልቀስ፣ መመስገን። ለመርማሪዎቹ «ለቅሶ መድረስ ኃጢአት ነው ወይ?» አላቸው ይባላል።

የገደል አፋፍ ቅሬ ለፈንታው ሦስት ዓመት ያህል ዘግይቶ ጥሩንባ ነፋ። ድንኳን ተተከለ። ከተማው ግልብጥ ብሎ መጣ። የክርስትና ልጁ እግሯ ላይ ወድቆ አለቀሰ። ሃጂ ይማም ምርኩዛቸውን ጥለው «አፉ በይን» አሏት። እታፈራሁ ሦስት ቀን ቁጭ ብላ ሁሉንም በየተራ ተቀበለች፤ እግዜር ይስጥልኝ አለች። አንዲት ጠብታ እንባ አላፈሰሰችም። ያላትን እንባ ለአስተማሪው፣ ለዳቦ ጋጋሪዋና ለልብስ ሰፊው ጨርሳዋለች፤ እነሱ ቢያንስ ሲሞቱ አልሸሿትም። አፉ ብያለሁም አላለችም።

ቅጣቱን የመምረጥ መብት የተበደለው ቤት ነው። በአምስቱ ቅሬ ጉባኤ ፊት ዘሀራ አማራጮቹን አነበበች፤ እስራት፣ ከከተማ መባረር፣ ከመዝገብ መሰረዝ። ሰዉ ሁሉ መሰረዝን ትመርጣለች ብሎ ጠብቋል። የተሰረዘ ሰው ቤት የለውም፣ አውቶቡስ አይሳፈርም፤ በሳምንቱ ከተማ ለቆ ይሄዳል።

«አይሰረዝ» አለች እታፈራሁ።

ሃጂ ይማም ፊታቸው በራ። ሆዷ ራራ መሰላቸው።

«ቤቱ ይኑር። አውቶቡሱም ይሳፈር፣ ገበያም ይውጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ቤት መጥቶ ቃሉን ይስጥ። ብቻ የጥላ ምልክት ይደረግበት። በአምስቱም ቅጂ።»

ነገሩ ለጉባኤው ሁሉ ወዲያው አልገባውም። የገባቸው ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። ሃጂ ይማም «ልጄ፣ ይሄ ከሞት የባሰ ነው» አሏት በቀስታ።

«አውቃለሁ» አለች። ደስ ብሏት ነበር፤ ደስታዋንም አልደበቀችም።

ምልክቱ በዚያው ቀን ገባ። ከዚያ ወዲህ ልሳነወርቅ አበጋዝ በደሴ ይኖራል። ሲታመም ሐኪም አይላክለትም። ልጆቹ በሌላ ከተማ ሆነው አባታቸውን በመዝገብ ቢፈልጉት የሚያገኙት የለም። ለቅሶ ቤት ቢሄድ ሰዉ ሥፍራ ይለቅለታል፤ በዙሪያው ያለው ምንጣፍ ባዶ ሆኖ ይውላል፤ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ተወው።

በሰኔ በአንዱ ቅዳሜ ሰልፉ እስኪያልቅ ጠብቆ መጨረሻ ላይ ገባ። ክብደቱ ቀንሷል፣ ሲተነፍስ ደረቱ ያፏጫል። መዳፉን ሰሌዳው ላይ አሳረፈ፤ ሰሌዳው ሞቀ። እታፈራሁ ጀርባዋን እንደሰጠች «ገብቷል» አለች። እሱ ግን አልወጣም።

«እህቴ እታፈራሁ» አለ። «ይገባኛል፤ የሠራሁትን አውቃለሁ። ሌላ ነገር አልለምንሽም። ብቻ ስሞት ነይና ቅበሪኝ። ከሰው ሁሉ አንቺ ብቻ ብትመጪ ይበቃኛል።»

እታፈራሁ ዞር ብላ ፊቱን አየችው። ረጋ ብላ አየችው።

«መሞትህን ማን ይነግረኛል?» አለችው።